በባዶ ሆድ የተጠጣ ጠበል

ልጄ እንግዳ ታስጎበኛለች። ላሊበላ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ወንዶቹ አስጎብኚዎች መንገድ ላይ ሽንት ሲመጣባቸው ከቋጥኝ ጀርባ ዞር ብለው ይመለሳሉ፤ ሴት ልጅ ግን እንግዳ አስከትላ ይህን አታደርግም። ስለዚህ ሥራ የጀመረች ዕለት ካስጠነቀቅኋት ነገር ሁሉ የመጀመሪያው፣ «ጠዋት ውኃ እንዳትጠጪ» የሚል ነበር። «ሰው ፊት ትቸገሪያለሽ።» እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። ለቅሶ የምትሄድም፣ ገበያ የምትወርድም ሴት ከቤቷ ስትወጣ ውኃ አትጠጣም። ልጄ ቃሌን ጠበቀች። አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥታ ትወጣና ውኃ የምትቀምሰው ማታ ቤት ስትገባ ነበር። እኔም በደንብ ያስተማርኋት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሕመሙ የጀመራት ጥምቀት አልፎ እንግዳው ሲሳሳ ነው። ሁለት ሰዎች ይዛ ገነተ ማርያም ሄዳ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመና ጎብጣ ወረደች። ቀኝ እጇ ጎኗን ይዟል፤ ፊቷ ዓመድ መስሏል።

«እማየ፣ ጎኔን» አለች።

ምች ነው ብዬ አስተኛኋት። ተኝታም አልሆነላትም፣ ተነሥታም አልሆነላትም። ግድግዳ ይዛ ቆመች፣ ተንበረከከች፣ አስመለሳት። እኔ ሁለት ልጅ ወልጄአለሁ፤ እንዲህ ያለ ቁርጠት ግን በራሴም በሰውም አይቼ አላውቅም። ባጃጁ ገና አልሄደም ነበርና በዚያው ይዣት ሆስፒታል ገባሁ።

መርፌ ወግተው ሕመሙን ካስታገሡላት በኋላ ሐኪሙ ሆዷን በአልትራሳውንድ አየ። ቀኝ ኩላሊቷ አብጧል አለኝ። ሽንት ከኩላሊቱ የሚወጣበት በር ላይ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ጠጠር ተቀርቅሯል፤ ከኩላሊቱ ታች ደግሞ ሌላ ትንሽ አለ።

«ይህ በመጠጥ ብቻ አይወጣም» አለ። «ብዙ ሳይቆይ መውጣት አለበት። መንገዱ እንደተዘጋ ከሰነበተ ኩላሊቷ ይጎዳል።»

«ትቀደዳለች?»

«እሱን እዚያ የሚያዩዋት ይወስናሉ» ብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ወረቀት ጻፈልኝ።

«አትቀደድም» ስላላለኝ ትቀደዳለች ማለት ነው ብዬ ወጣሁ። ለምን እንደፈራሁ ልናገር። ታላቅ ወንድሜ፣ ልጄ ገና ጡት ሳትተው፣ በዚሁ ሕመም ተቀድዷል። ጠባሳው ከጀርባው ተነሥቶ በጎኑ ዞሮ እምብርቱ አጠገብ ይደርሳል። ያስታመምሁት እኔ ነኝ። ጨርቁን የቀየርሁ፣ ሲያስለው ጎኑን በሁለት እጄ የደገፍሁ እኔ ነኝ። አንድ ክረምት ሙሉ ሞፈር አልጨበጠም፤ እስከ ዛሬም በዚያ ጎኑ ሸክም አይዝም። ቀጭኗ ልጄ እንዲያ ተሰፍታ ስትተኛ እየታየኝ እህል አልወርድልሽ አለኝ።

ወንድሜ መታመሟን ሰምቶ በማግሥቱ ከይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ፣ ከሚያርስበት አገር በእግሩ መጣ። በር ላይ ሆኖ ነው የጀመረው።

«ቢላ እንዳታስነኪያት!»

«ኩላሊቷስ ጋሼ? ይበላሻል እኮ ነው የሚሉት።»

«ሁለት አይደለም እንዴ ፈጣሪ የሰጠን? እኔን ሲቀድዱኝ ሚስት ነበረችኝ። እሷ ገና አላገባችም። ጎኗን ተልትለው ቢመልሱልሽ ምን ልታደርጊ ነው?»

ልጄ ከአልጋው ላይ ቀና አለች። «አጎቴ፣ አንተም እኮ ሁለት በሬ አለህ። እንግዲያው አንዱን ለፋሲካ እንረደው?»

ሳቀ። ሲስቅ ጎኑን ይይዛል፤ ያን ጊዜም ያዘ። እሱ ሲይዝ እኔ ሳቄ ቆመ።

ዐሥራ አንድ ቀን የገብስ ውኃ አፈላሁላት፣ ተልባ በጠበጥሁላት። ሕመሙ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ። በመካከሉ ዐቢይ ጾም ገባና ሌላ ጭንቅ ሆነብኝ። ሐኪሙ ውኃ ትጠጣ ብሏል፤ ልጄ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምሁ አለች። የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ ነገርኋቸው።

«ምን አለባት አሉሽ?»

«የኩላሊት ጠጠር፣ አባቴ።»

«ታዲያ ትጠጣ እንጂ!» አሉ ጮኸው። «እኔን ሦስት ጊዜ ይዞኛል። ውኃ ሳንቀምስ ቆመን እያደርን፣ ስንቱን ካህን ይኸው ጠጠር እንደሚያንከባልለው ታውቂያለሽ? ትጠጣ። ጾሙን አንቺ ጨምረሽ ጹሚላት።» ከዚያ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ቀድተው ሰጡኝ። «ይህንንም ትጠጣ፣ ሐኪሙንም ትስማ። ሁለቱንም የሰጠን አንድ ነው» አሉኝ።

ጠበል እንዴት እንደሚጠጣ እኛ ዘንድ ማንም ለማንም አያስተምርም። ጠዋት ነው፣ በባዶ ሆድ ነው፣ ከምንም በፊት ነው። እህል ከቀመስሽ ያን ቀን አልፎሻል። ይህንን የማነሣው ያደረግሁት ስሕተት እንዲገባችሁ ነው።

አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ አለች፤ እሷ ቤት ዐረፍን። የኩላሊት ሐኪሙ ወጣት ነው። ልጄን መጀመሪያ የጠየቃት በቀን ስንት ብርጭቆ ውኃ እንደምትጠጣ ነበር።

«ሥራ ላይ ስሆን አልጠጣም። እማየ …» ብላ እኔን አየችኝና ተወችው።

«እኔ ነኝ የከለከልኋት» አልሁ። «መንገድ ላይ እንዳትቸገር ብዬ።»

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ብዙ ሴቶች እንዲህ ያደርጋሉ» አለ። «አስተማሪዎች፣ የገበያ ሴቶች፣ ሩቅ መንገድ የሚሄዱ። ጠጠሩ በውኃ ማነስ ብቻ አይመጣም፤ ግን ውኃ ማነስ ያግዘዋል።» ከዚያ ወረቀት ስቦ ኩላሊት ሣለ። ባቄላ ይመስላል። ሁለቱን ጠጠሮች በነጥብ አመለከተኝ።

«ድሮ ጎን ተቀድዶ ነበር የሚወጣው» አለ። እኔ ወንድሜን አሰብሁ። «ቀጥሎ በጀርባ በኩል ጣት በምታህል ቀዳዳ መግባት ተጀመረ። ለትልልቅ ጠጠር አሁንም በዚያ እንገባለን፤ ቀዳዳዋም ከጊዜ ወደ ጊዜ እያነሰች ነው። የልጅዎን ግን ምንም ሳንቀድድ በተፈጥሮ መንገድ እናወጣዋለን፤ ሽንቷ በሚወጣበት።»

ዐይኔን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ልጄም አቀረቀረች። ሐኪሙ እንዳላየ ሆኖ እስክሪብቶውን ፈታና ከውስጡ ቀለም ያለባትን ቀጭን ቱቦ መዝዞ ያዘ።

«የምንገባበት መሣሪያ ይህን ያህል ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ አለው። ድሮ የነበረን መሣሪያ ቀጥ ያለ ብረት ስለሆነ ከታች ላለችው ጠጠር አይታጠፍልንም ነበር። አሁን ጫፉ እንዲህ ይላል» ብሎ ጣቱን አጠፈ። «በውስጡ እንደ ክር የቀጠነ የሌዘር ጨረር እናሳልፍና ጠጠሩን እናደቅቀዋለን። ድሮ ሰባብረን ስባሪውን አንድ በአንድ ነበር የምንለቅመው፤ አሁን እንደ አሸዋ እናደርገውና አብዛኛው ከሽንቷ ጋር ይወጣል።»

«ጨረሩ ኩላሊቷን ቢያቃጥላትስ?»

«እየሠራን ውኃ እናፈስበታለን፤ እንዳይግል።»

«ባትደርሱበትስ?»

«ያን ጊዜ በጀርባ፣ በትንሿ ቀዳዳ።»

«እሱም ባይሆንስ?»

«እማየ፣ ደጅ ሌላ ሰው አለ እኮ!» አለች ልጄ።

«ይጠይቁ» አለ ሐኪሙ። «እኔ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትኩሳት። ሽንቷ አሁን ንጹሕ ነው። ኢንፌክሽን ከገባ ግን ጠጠሩን አንነካውም። ማስተንፈሻ ቱቦ አስገብተን ሌላ ስንት ሳምንት እንጠብቃለን፤ ያበጠው ኩላሊት ላይ ደግሞ ሌላ ሕመም ባይጨመርበት ነው የሚሻለው። ስለዚህ ከነገ ወዲያ ትገባለች።»

ልጄ ሳትቀደድ የምትተርፍበት በር ተከፍቶልኛል፤ በሩ ግን በትኩሳት ይዘጋል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እጄ ከግንባሯ አልተነሣም።

ነርሷ ስታሰናብተን፣ «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ እህልም ውኃም በአፏ አይግባ። ጠዋት በባዶ ሆድ ትምጣ» አለችን። ሦስት ጊዜ መላልሼ ጠየቅኋት። እኔ የተማርሁት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ የሰማሁትን እንዳልረሳ ልጄን ወረቀት ላይ አስጻፍኋትና አልጋው ራስጌ ሰካሁት። ያረፍንበት ቤት ትንሽ ልጅ ጠዋት ብስኩት ይዛ ስትመጣ ከበር መለስኋት። ልጄ ጥርሷን ፍቃ አፏን በውኃ ልትጉመጠመጥ ስትል እንኳ ብርጭቆውን ቀማኋት።

«እተፋዋለሁ እኮ!»

«ጠብ ቢልብሽስ?»

ይህን ያህል የተጠነቀቅሁት እኔ ጸሎታችንን እንደ ጨረስን የጠበሉን ጠርሙስ ከፍቼ በሲኒ ቀዳሁላት። በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ጠጣች፣ አማተበች። የተረፈውን ጎኗን ቀባኋት። ለእኔም ለእሷም አንድ ነገር እንኳ አልከነከነንም። በባዶ ሆድ ተብለን የለ!

ሆስፒታሉ ውስጥ አረንጓዴ ልብስ አልብሰው ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኟት። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ጠየቀቻት።

«ምግብ?»

«የለም።»

«ውኃ?»

«የለም።»

«ሻይ፣ ወተት፣ ማስቲካ?»

«ምንም» አለች ልጄ። እውነቷን ነው፤ አልዋሸችም።

«ጎበዝ» አለች ነርሷ። «አንዳንዱ ይደብቀናል። ማደንዘዣ ሲሰጥ ሆድ ውስጥ ያለው ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በአንድ ጉንጭ ውኃ ሰው ልናጣ እንችላለን» ብላ አልጋውን ገፋች።

በሩ ተከፈተ። የአልጋው ግማሽ ገባ። ያን ጊዜ የጠዋቷ ሲኒ ታወሰችኝ። ጠበል ውኃ አይደለም፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ከጠርሙሱ ሲቀዳ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ወረፋችን ያልፋል፤ ነገ ደግሞ ትኩሳት ይመጣ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያሰብሁት የአልጋው ሌላው ግማሽ እስኪገባ ነው።

«ጠበልስ?» አልሁ።

ነርሷ ዞረች። «ምን ጠበል?»

«ጠዋት የጠጣችው። ትንሽ ናት። ግማሽ ሲኒ።»

«ሙሉ ነበር» አለች ልጄ ከአልጋው ላይ።

ነርሷ ግንባሯን በእጇ መታች። አንገቷ ላይ ማተብ አለ። «እናቴ፣ እኔም አማኝ ነኝ። ጠበል እኔም እጠጣለሁ። ሳንባዋ ግን ጠበል ይሁን ውኃ አይለይም!»

አልጋው ተመልሶ ወጣ። ሐኪሙ መጣና ስንት ሰዓት እንደጠጣች ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። እንዲህ ያለ ሰው ቁጣ ይገባዋል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ «እንኳን ነገሩን» አለ። ትንሽ ቆይታ ብትገባ ይቻል ነበር፤ ግን ቀጣዮቹ ታካሚዎች ከባድ ስለነበሩ እስከ ዐሥር ሰዓት ጠብቀን ለማግሥቱ ተቀጠረች፤ እዚያው እንድታድርም አልጋ ተሰጣት።

ልጄ ቀኑን ሙሉ ተርባ ስለዋለች ተቆጣች። «ማስቲካ እንዳላኝክ ቦርሳዬን የፈተሽሽ ሴትዮ!» አለችኝ።

«አንቺስ? አምስት ቋንቋ የምትናገሪ፣ ለምን ዝም ብለሽ ጠጣሽው?»

«እኔም ውኃ ነው ብዬ አላሰብሁማ» አለችና ሳቋ አመለጣት። ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛችው ሴት ሁሉንም ሰምታ ኖሮ ልብሷን አፏ ላይ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። እኔ ግን ለመሳቅ አልደፈርሁም። ትኩሳቷን በመጣች በሄደች ነርስ ሁሉ ደጋግሜ አስለካሁ፤ በኋላ አንዷ፣ «እናቴ፣ ቴርሞሜትሩን እዚሁ ልተውልዎ?» አለችኝ። «ተይው» አልኋት። እውነት መስሎኝ።

ትኩሳት አልመጣም። በማግሥቱ በመጀመሪያው ተራ ገባች። ጠበሉን ያን ቀን እኔ ጠጣሁላት።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም፤ ሰዓቱን እንዳላይ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ። ሐኪሙ ሲወጣ እንደተቀመጥሁ ቀረሁ። አጠገቤ ቁጢጥ አለና በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ደቃቅ ነገር አሳየኝ፤ ወንፊት ያሳለፈው አሸዋ ይመስላል።

«ይህ ነው የነበረው። በሩ ላይ የነበረውን አደቀቅነው፤ የታችኛውም ጋ ታጥፈን ደረስንበት። ኩላሊቷ ደኅና ነው። እብጠቱ እየቀነሰ ይሄዳል።»

«አልቀደዳችኋትም?»

«አልቀደድናትም።»

ወደ አልጋዋ ሲመልሷት አሁንም አላመንሁም። ነርሷ ዞር ስትል የልጄን ልብስ ገልጬ ጎኗን አየሁ። ጀርባዋን በእጄ ዳሰስሁ፤ ሆዷን አየሁ። የትም ፋሻ የለም፣ የትም ስፌት የለም። ልጄ በማደንዘዣ እንደፈዘዘች፣ «እማየ ይበርደኛል፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት? የጠፋ ነገር በማጣቴ ነው ደስ ያለኝ።

ሁለት ሳምንት በውስጧ ቀጭን ቱቦ ይዛ ከረመች፤ ሽንቷ እንዲወርድ ያስቀመጡላት ነው። ያ ጊዜ ምቹ አልነበረም። ሽንቷ ቀላ፣ ጎኗን ቆጠቆጣት፤ እኔም በቀላ ቁጥር ሐኪሙ ዘንድ እደውል ነበር። ቱቦውን ሲያወጡላት ግን ነጠላዬን አስተካክዬ ለመቀመጥ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ላሊበላ ስንመለስ ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቅ መጣ። እኛ ዘንድ የተቀደደ ሰው ሲጠየቅ ቁስሉ ይታያል። የመጣው ሁሉ ተቀምጦ፣ እግዜር ይማርሽ ካለ በኋላ «እስቲ የቀደዱሽን» ይላል። የሚታይ የለም ስንል ቅር ይላቸዋል። አንዷ፣ «እንግዲያው ለምን ወር ሙሉ ቆያችሁ?» ብላኛለች።

ወንድሜም መጣ። እሱ አልጠየቀም። ልጄ ራሷ ሹራቧን ገለጥ አድርጋ ጎኗን አሳየችው። ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ የራሱን ጎን በልብሱ ላይ ሆኖ በእጁ አበሰ።

«አየህ አጎቴ፣ ጊዜው ተለውጧል» አለችው።

«ምናለ እኔን እስከዚህ ቢያቆየኝ» አለ። ቅናት አልነበረበትም፤ ደስ ብሎት ነው ያለው። ሲሄድም ለእሷ ብሎ ያመጣውን ማር እጥፍ አድርጎ እንደሚያመጣ ነግሯት ሄደ።

ሥራ ልትጀምር ስትል እኔ አንድ ነገር አደረግሁ። እንግዳ ይዛ በምትሄድባቸው መንገዶች ሁሉ እየዞርሁ በየአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ያሉትን ሴቶች አነጋገርሁ። የማውቃትንም፣ የማላውቃትንም። «ልጄ እንግዳ ይዛ ስታልፍ ሽንት ቤትሽን አትከልክያት» አልሁ። አንዷም እንቢ አላለችኝም። እንዲያውም አንዲት ባልቴት፣ «እኛስ ስንት ዘመን ጨክነን ያዝነው እናቴ!» ብለው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። ልጄ ስትሰማ በአፍረት ልትሞት ነበር። «አገር ምድሩ ስለ ሽንቴ ያወራል!» አለችኝ። ግን ሁለት ጠርሙስ ውኃ ይዛ መውጣት ጀመረች።

ከፋሲካ በኋላ ለምርመራ መጀመሪያ ወዳየን ሐኪም ሄድን። አስተኛትና ማየት ጀመረ። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ የሐኪሙን ፊት አያለሁ፤ ማያው ላይ ያለው ለእኔ ጭጋግ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ልቤ ይቆማል። ሲያልፍ ልቤም ያልፋል።

«እብጠቱ የለም» አለ በመጨረሻ። «ጠጠርም አይታየኝም። ኩላሊቷ ልክ እንደ ሌላው ሆኗል።»

«ቀኙ ነው ያሉኝ?»

«ቀኙ።»

«አንድ ጊዜ ደግመው ይዩልኝ፣ በሞቴ።»

ደግሞ አየ። ልጄ ዐይኗን ጨፍና የማታውቀኝ መስላ ተኛች። «እናቴ፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው» አለ ሐኪሙ።

በእግራችን ተመለስን። ምሳ አቀረብሁና ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ ብዬ ልብሴን እንደለበስሁ መደቡ ላይ ጋደም አልሁ። ልጄ ስትወጣ ሳልነቃ ቀርቼ አላውቅም፤ በሩ ሲንቀሳቀስ የት፣ ከማን ጋር፣ መቼ ትመለሻለሽ እላታለሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዶች ነበሯትና ጫማዋን አድርጋ፣ ውኃዋን ሞልታ፣ በሩን ከፍታ ሄዳለች። እኔ ምንም አልሰማሁም። ስነቃ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወርዳለች፤ ጋቢ አልብሳኝ ነበር።